ዋንጫው የማን ነው? ስለ አሜሪካ የስፖርት መኪና ሻምፒዮና የተደረገ ምልልስ

(ጋሼ የጋራዥ ባለቤት ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ በእሽቅድምድም ሜዳ ባንዲራ እያውለበለቡ በነፃ ያገለግላሉ። ልጅት የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሒሳብ አያያዝ ትማራለች። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅት፦ ጋሼ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ የለጠፉት ፎቶ ሥር «የ1965 ሻምፒዮን» ይላል። መኪናዋ ግን መጫወቻ ትመስላለች። አጠገቧ ያለው ነጩ መኪና እጥፍ ይሆናታል።

ጋሼ፦ ሎተስ 23 ናት። የፖርሽ ሞተር አስገብተውባታል። ነጂው ጆርጅ ፎልመር ይባላል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢንሹራንስ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው።

ልጅት፦ በዚያ ዓመት ከእሱ የሚፈጥን አልነበረም ማለት ነው?

ጋሼ፦ ነበር እንጂ! ያ ነጩ መኪና ጥሏት ይሄድ ነበር።

ልጅት፦ እና እንዴት ሻምፒዮን ሆነ?

ጋሼ፦ በነጥብ። አይ፣ ከመሐል አልጀምርልሽም። ዋንጫው ከየት እንደመጣ ሳታውቂ የፎልመር ነገር አይገባሽም። ያንን ወንበር ሳቢና ተቀመጪ፤ ዘይቱን አትርገጪ።

ልጅት፦ ከየት መጣ ታዲያ?

ጋሼ፦ ከሀብታም ልጆች። በ1930ዎቹ ኮሊየር የሚባሉ ወንድማማቾች ከጓደኞቻቸው ጋር የመኪና እሽቅድምድም ክለብ አቋቁመው ነበር። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ክለቡ ተበተነ። በ1944 ቦስተን ውስጥ ሰባት ሰዎች ተሰብስበው ስፖርትስ ካር ክለብ ኦቭ አሜሪካን መሠረቱ። ያን ጊዜ ቤንዚን በራሽን ነው፤ ስለ እሽቅድምድም የሚያወራ የለም። ዓላማቸው የሚወዷቸው መኪኖች እንዳይጠፉ መጠበቅ፣ ተሰብስቦም ስለ መኪና ማውራት ነበር።

ልጅት፦ የጨዋታ ማኅበር ነዋ።

ጋሼ፦ እንደዚያ በይው። በ1948 ካሜሮን አርጌትሲንገር የሚባል የሕግ ተማሪ ተነሣና በኒውዮርክ ግዛት ባለችው ዋትኪንስ ግሌን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በመንገዶቿ ላይ እንወዳደር አለ። የከተማዋ ሰዎችም እሺ አሉት። አንዱ ዙር 10.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዋናው ጎዳና በሱቆቹ ፊት ይጀምርና ኮረብታ ይወጣል፣ የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል፣ ኮረኮንች ያልፋል፣ ከዚያ የባቡር ሐዲድ ያቋርጣል።

ልጅት፦ ባቡር ቢመጣስ?

ጋሼ፦ ባቡሩን አስቆሙታ! እስከ ዛሬ «ባቡሩ የቆመበት ቀን» እያሉ ያወሩለታል። ፍራንክ ግሪስዎልድ በአልፋ ሮሜዮ አሸነፈ። ብሪግስ ከኒንግሃም የሚባል ባለጸጋ፣ የቢዊክና የመርሴዲስ ድቅል በሆነች መኪና ሁለተኛ ወጣ። ይህን ስም ያዢው፤ ደጋግሞ ይመጣል።

ልጅት፦ ሻምፒዮናው ያኔ ተጀመረ?

ጋሼ፦ ገና ነው። ያኔ እያንዳንዱ ውድድር ለብቻው ነበር፤ ያሸነፈ ጽዋውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በ1951 ነው ክለቡ ትልልቆቹን ውድድሮች በአንድ ሰንሰለት አያይዞ፣ ነጥብ ደምሮ፣ በዓመቱ መጨረሻ ብሔራዊ ሻምፒዮን መሰየም የጀመረው። የመጀመሪያው ጆን ፊች ነው።

ልጅት፦ እሱም ባለጸጋ ነው?

ጋሼ፦ ፊች የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። በጦርነቱ የጀርመንን ጄት አውሮፕላን መትቶ ጥሏል፤ በኋላ ራሱም ተመትቶ ተማርኳል። በ1951 ኤልክሃርት ሌክ ላይ ያሸነፈው ግን በከኒንግሃም መኪና ነው። አንቺ ፊችን በየቀኑ ታይዋለሽ።

ልጅት፦ እኔ? የት?

ጋሼ፦ አውራ ጎዳና ላይ፣ መውጫው መንገድ ከዋናው በሚለይበት ጥግ ተደርድረው የሚታዩት ቢጫ የፕላስቲክ በርሜሎች አሉ አይደል?

ልጅት፦ አዎ፣ መንገድ ሠሪዎች ትተዋቸው የሄዱ ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ፦ የፊች ሥራ ናቸው። ውስጣቸው አሸዋ አለ። አሸዋው በሁሉም እኩል አይደለም፤ የፊተኞቹ ቀላል፣ የኋለኞቹ ከባድ ናቸው። መኪና ሲገባባቸው በርሜሎቹ አንድ በአንድ እየተሰባበሩ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ ስለዚህ ሰውየው ኮንክሪቱን በደረቱ አይመታውም። በ1955 «ለማን» በሚባለው የፈረንሳይ ውድድር ላይ ፊች የመርሴዲስ ነጂ ነበር። ተራውን እየጠበቀ ሳለ በዚያችው መኪና ላይ የነበረው ባልደረባው ፒዬር ለቬግ ወደ ሕዝቡ ገባ፤ ከ80 ሰው በላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ፊች ዕድሜውን ስለ መንገድ ደኅንነት ሲያስብ ኖረ። በርሜሎቹንም ራሱ እየነዳ ገብቶባቸው ነው የሞከራቸው።

ልጅት፦ በገዛ መኪናው?

ጋሼ፦ በገዛ አካሉ። እኔን ብትጠይቂኝ ከዋንጫው ይልቅ በርሜሎቹ ይበልጣሉ። ግን ስለ ዋንጫ ነው የጠየቅሽኝ።

ልጅት፦ በከተማ መንገድ መወዳደሩ እስከ መቼ ቆየ?

ጋሼ፦ ብዙ አልቆየም። በ1950 ከኮሊየር ወንድማማቾች አንዱ፣ ሳም፣ እዚያው ዋትኪንስ ግሌን ላይ በከኒንግሃም ፌራሪ ሲወዳደር ሞተ። ነጂ ሲሞት «ፈቅዶ የገባበት ነው» ይባላል። በ1952 ግን በዋናው ጎዳና ላይ አንዲት አላርድ መኪና ዳር የቆመውን ሕዝብ ነካችው። የሰባት ዓመት ልጅ ሞተ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። ሰዉ እኮ ከመኪናው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ነበር የሚቆመው። ከዚያ በኋላ በከተማዋ መሐል መወዳደር ቀረ።

ልጅት፦ ሻምፒዮናውስ? ሜዳ ከሌለ የት ይሮጣሉ?

ጋሼ፦ እዚህ ላይ ማንም ያልጠበቀው ሰው መጣ። ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ።

ልጅት፦ የቦምብ ጣዮቹ አዛዥ?

ጋሼ፦ እሱ ራሱ። የኑክሌር ቦምብ የሚሸከሙት አውሮፕላኖች በሱ እጅ ነበሩ። ሰውየው ደግሞ የስፖርት መኪና ፍቅር ነበረው፤ አላርድ ነበረችው። ለክለቡ «የአየር ኃይል ማኮብኮቢያዎቼን ውሰዱ» አለ። በ1952 መጸው ጆርጂያ ውስጥ ተርነር በሚባለው ጦር ሰፈር ተጀመረ፣ ከዚያ ወደሌሎቹ ሰፈሮች ተዛመተ። ከትኬት የሚገኘው ገንዘብ ለወታደሮቹ መኖሪያና መዝናኛ ማሻሻያ ይውላል። ሰፊ ኮንክሪት፣ ሕዝቡ በሩቁ፣ አጥር የተሟላ፣ ጠባቂው ወታደር።

ልጅት፦ የመንግሥት ማኮብኮቢያ ለሀብታሞች ጨዋታ። አንድም የጠየቀ የለም?

ጋሼ፦ ጠየቁ፤ ኮንግረሱ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣና በ1954 አበቃ። ግን እነዚያ ሁለት ዓመታት ባይኖሩ ሻምፒዮናው እዚያው ይሞት ነበር እላለሁ። የተገኘችው ፋታ ሰዎች የራሳቸውን ሜዳ እንዲሠሩ ጊዜ ሰጠች። ሮድ አሜሪካ በ1955፣ ላይም ሮክ፣ ብሪጅሃምፕተን፣ ላጉና ሴካ ሁሉም በ1957 ተከፈቱ። ላጉና ሴካም ቢሆን የፎርት ኦርድ ጦር ሰፈር መሬት ነበር።

ልጅት፦ እሺ፣ ሜዳ ተገኘ። አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ነጥቡ እንዴት ነበር?

ጋሼ፦ አንቺን የሚያስደስትሽ እሱ ነው መቼም። መጀመሪያ አንድ ሻምፒዮን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዋንጫው በክፍል ተከፋፈለ። ከፋብሪካ እንደወጡ የሚሮጡት ለብቻ፣ ለእሽቅድምድም የተሠሩት ለብቻ፤ እነሱም ደግሞ በሞተራቸው መጠን በፊደል ይለያሉ። ከ3 እስከ 5 ሊትር ያሉት «ሲ ሞዲፋይድ» ይባላሉ። ከታች በኩል «ኤች ሞዲፋይድ» አለ፣ ከ750 ሲሲ በታች፤ የክሮስሊ ሞተር ሁሉ የሚገባበት።

ልጅት፦ 750 ሲሲ? ሞተር ብስክሌት ነው እኮ!

ጋሼ፦ አትሳቂ። በ1950 የመጨረሻ ቀን ፍሎሪዳ ውስጥ ሴብሪንግ ላይ፣ በሟቹ ሳም ኮሊየር ስም የስድስት ሰዓት ውድድር ተደረገ። ማን አሸነፈ መሰለሽ? ክሮስሊ ሆት ሾት። ለማየት የመጣ ሰው መኪና ናት፤ ከተመልካች ለምነው፣ መስታወቷን አውልቀው አስገቧት።

ልጅት፦ ፌራሪዎቹ ተበላሹ?

ጋሼ፦ አልተበላሹም። ውጤቱ የሚሰላው በሞተሩ መጠን ነበር። ትንሽ ሞተር ያላት ትንሽ ርቀት ይጠበቅባታል፣ ትልቅ ሞተር ያላት ብዙ። ክሮስሊዋ ከተጠበቀባት በላይ ሄደች፣ ስለዚህ አንደኛ ሆነች።

ልጅት፦ ታዲያ አንደኛ የሆነው ነጂው ሳይሆን ቀመሩን ያወጣው ሰው ነው።

ጋሼ፦ ገባሽ። ይህን ያዢልኝ።

ልጅት፦ ያዝኩ። በነዚህ ክፍሎች ጎልቶ የወጣ ነበር?

ጋሼ፦ ዋልት ሃንስገን። ከ1956 እስከ 1959 በሲ ሞዲፋይድ አራት ጊዜ በተከታታይ፣ መጀመሪያ በጃጓር፣ ከዚያ ሊስተር በሚባለው እንግሊዛዊ መኪና የጃጓር ሞተር ገብቶበት። ባለቤቱ ማን ይመስልሻል?

ልጅት፦ ከኒንግሃም።

ጋሼ፦ ከኒንግሃም! ያው ሰውዬ በ1958 ኮለምቢያ የምትባለውን ጀልባ መርቶ የአሜሪካ ዋንጫን ያሸነፈው ነው። ክለቡ እንግዲህ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ለሽልማት ገንዘብ መወዳደር ክልክል ነው። ጽዋ ትወስጃለሽ፣ እጅ ትጨብጫለሽ፣ ወደ ቤትሽ። አማተር መሆን አለብሽ።

ልጅት፦ ቆይ፣ ጋሼ። መኪናውን የሚገዛው ባለጸጋ፣ መካኒኩን የሚከፍለው ባለጸጋ፣ ነጂው ግን አማተር? ወጪው ሁሉ የሌላ ሰው መዝገብ ላይ ነዋ።

ጋሼ፦ ...

ልጅት፦ ያለ ገንዘብ ተወዳደሩ አይባልም፤ ገንዘቡ ያልታየበት ውድድር ነው እንጂ። ጋራዥ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ እርስዎ፣ ጎማ መግዣ ከየት ያመጣሉ? ሽልማት ከሌለ የሚሮጠው ጎማ የማይቸግረው ብቻ ነው። እና ከዚያ ጠበብ ካለ መንደር ውስጥ አንዱን «ብሔራዊ» ይሉታል።

ጋሼ፦ የኒህ ሰዎች ፍቅር ግን ውሸት አልነበረም።

ልጅት፦ ፍቅራቸውን አልነካሁም። «ብሔራዊ» የሚለውን ነው።

ጋሼ፦ እሺ፣ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ያን ጊዜም ብዙዎች እንዳንቺ አሰቡ። ዩሳክ የሚባለው ሌላው ድርጅት፣ ያን ጊዜ የኢንዲያናፖሊሱን ውድድር ያስተዳድር የነበረው፣ በ1958 ገንዘብ የሚከፈልበት የስፖርት መኪና ሻምፒዮና ጀመረ። በዚያው ዓመት ሪቨርሳይድ ካሊፎርኒያ ላይ ቸክ ዴይ ስካራብ በምትባል አሜሪካዊት መኪና ሲያሸንፍ ሕዝቡ ጎርፎ መጣ። እነ ካሮል ሼልቢ፣ እነ ኬን ማይልስ፣ እነ ሮጀር ፔንስኪ ያንን ዋንጫ ወስደዋል።

ልጅት፦ ስለዚህ ሁለት ብሔራዊ ሻምፒዮን በአንድ አገር።

ጋሼ፦ በአንድ ዓመት። እንዲያ ሆኖ አራት ዓመት ተጓተቱ። በመጨረሻ ክለቡ ተሸነፈ፤ ወይም ብልጥ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ጆን ቢሾፕ የሚባል ሰው ነበር። በ1963 ክለቡ ራሱ ገንዘብ የሚከፍል ሻምፒዮና አወጣ፤ ዩናይትድ ስቴትስ ሮድ ሬሲንግ ሻምፒዮንሺፕ። የመጀመሪያው አሸናፊ ቦብ ሆልበርት ነው። እሱን እወደዋለሁ።

ልጅት፦ ለምን?

ጋሼ፦ ባለጋራዥ ነዋ! ፔንስልቬኒያ ውስጥ ጋራዥ ነበረው፤ በኋላ ፖርሽ ይሸጥበት ነበር። እሑድ ፖርሽና ኮብራ ይነዳል፣ ሰኞ የደንበኛ መኪና ሥር ይገባል።

ልጅት፦ እንግዲያው አድልዎ ነው።

ጋሼ፦ አዎ፣ አድልዎ ነው። በ1964 ጂም ሆል መጣ፤ ቴክሳሳዊ፣ ባለ ነዳጅ ጉድጓድ፣ መሐንዲስ። ያ ነጩ መኪና የሱ ነው፤ ቻፓራል። ነይ ወደዚህ፣ የዚህን መኪና ውስጥ እዪ። ስንት ፔዳል አለ?

ልጅት፦ ሦስት። ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን።

ጋሼ፦ የቻፓራል ሁለት ነው፤ ፍሪሲዮን የለውም። ካምቢዮው ላይ እንደ አውቶማቲክ መኪና ኃይሉን በዘይት የሚያስተላልፍ ዕቃ አስገቡበት። ሌላው ነጂ ጥምዝ ላይ ግራ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ ሲያመላልስ፣ ሆል ግራ እግሩን ፍሬን ላይ አስቀምጦ ቀኙን ከነዳጅ አያነሣም። በኋላ፣ በ1966፣ መኪናው ላይ ትልቅ ክንፍ ሲተክሉ ያች ሥራ ፈት ግራ እግር ሥራ አገኘች፤ ክንፉን የምታጋድል ፔዳል ሰጧት። ጀነራል ሞተርስ በይፋ «እሽቅድምድም ውስጥ የለሁበትም» እያለ ከጀርባ ያግዛቸው ነበር።

ልጅት፦ ይኸውልዎ፣ እንደገና ገንዘቡ ሌላ መዝገብ ላይ። እና ይህን መኪና ነው ኢንሹራንስ ሻጩ ያሸነፈው?

ጋሼ፦ አሁን ደረስን። በ1965 ብዙውን ውድድር አንደኛ እየሆኑ የጨረሱት ቻፓራሎቹ ናቸው። ግን ነጥቡ የሚሰጠው በክፍል ነበር፤ ከ2 ሊትር በላይ ለብቻ፣ ከ2 ሊትር በታች ለብቻ። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ሜዳ ላይ አብረው ይሮጣሉ፤ ትንሿን ክፍል የመራ ሰው ትልቋን እንደመራው ሰው ነጥብ ይሰበስባል። ፎልመር በትንሿ ክፍል ነጥቡን ለቀመ። በዓመቱ መጨረሻ ሲደመር የአገሪቱ ሻምፒዮን እሱ ሆነ።

ልጅት፦ ክሮስሊዋ እንደገና።

ጋሼ፦ ክሮስሊዋ እንደገና! እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። ሜዳው ጥግ ላይ ባንዲራ ይዤ ስቆም እኮ የማየው እሱን ነው። ፈጣኑ መኪና ሲመጣ ለዘገምተኛው ሰማያዊ አሳየዋለሁ፣ «ከኋላህ አለልህ፣ አሳልፈው» ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ እየታየበት፣ ቀኑን ሙሉ እያሳለፈ፣ መስታወቱን እያየ፣ መስመሩን ሳይስት የሚነዳ ሰው አለ። ያ ሰው ከፊተኛው ያነሰ ነጂ አይደለም።

ልጅት፦ እኔ ግን አልዋጥልኝም። ሰው ትኬት ገዝቶ ሲገባ ቀድሞ የሚደርሰውን ሊያይ ነው። በዓመቱ መጨረሻ «ሻምፒዮኑ ያ ሁሉ መኪና ሲያልፈው ያያችሁት ነው» ቢሉኝ ገንዘቤን መልሱ እላለሁ።

ጋሼ፦ ሆልም ደስ ያለው አይመስለኝም።

ልጅት፦ ቀጣዮቹ ዓመታትስ?

ጋሼ፦ 1966 ቸክ ፓርሰንስ። 1967 እና 1968 ማርክ ዶናሂው። ዶናሂው መሐንዲስ ነው፣ ብራውን ዩኒቨርሲቲ የተማረ። ያ ሃንስገን ያልኩሽ ሰው ነው እጁን ይዞ ያስገባው። ሃንስገን በ1966 ለማን ላይ በልምምድ በደረሰበት አደጋ ሲሞት ዶናሂው ወደ ፔንስኪ ሄደ፣ ሰማያዊዋን ሎላ እየነዳ ሌሎቹን አቧራ አስቃማቸው። ከዚያ ሻምፒዮናው ሞተ።

ልጅት፦ እንዴ! ገና ሲደምቅ?

ጋሼ፦ ገዳዩ ወንድሙ ነው። ክለቡ በ1966 ካን-አም የሚባል ተከታታይ ውድድር ከካናዳ ጋር ጀመረ። ያው መኪና፣ ያው ነጂ፣ ገንዘቡ ግን ብዙ እጥፍ። ጆን ሰርቲስ የመጀመሪያውን ወሰደ፣ ከዚያ እነ ብሩስ ማክላረን በብርቱካንማ መኪኖቻቸው መጡ። ለአንድ ዓይነት መኪና ሁለት ሻምፒዮና ካለሽ፣ አንዱ ደግሞ የሚከፍል ከሆነ፣ ለሌላው ማን ጎማ ይጨርሳል? ከ1968 በኋላ ዘጉት። ስድስት ዓመት ብቻ ነው የኖረው።

ልጅት፦ አማተሮቹስ የት ገቡ?

ጋሼ፦ አሮጌው ዋንጫ እስከ 1964 ተንፏቀቀ። ችግሩ አገሩ ሰፊ ነው፤ ነጥብ ለመልቀም ከባሕር እስከ ባሕር መኪና ጎትተሽ መዞር አለብሽ፤ ሥራ ያለው ሰው አይችልም። ስለዚህ ነገሩን ገለበጡት። ሰው በየአካባቢው ይወዳደር፣ የየአካባቢው ምርጦች በዓመቱ መጨረሻ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኙ። በ1964 ሪቨርሳይድ ላይ ተጀመረ፣ ከ1966 ጀምሮ ያሸነፈ በይፋ ብሔራዊ ሻምፒዮን ተባለ። ዛሬ «ራንኦፍስ» የሚሉት ይህ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ውድድር፣ አለቀ።

ልጅት፦ ነጥብ የለም?

ጋሼ፦ መጨረሻው ላይ የለም። የቀደመ ይወስዳል።

ልጅት፦ ይሄ ይሻላል።

ጋሼ፦ ጎማሽ በዚያች ቀን ካልፈነዳ። ለማንኛውም ተዋናዩ ፖል ኒውማን አራት ጊዜ ወስዶታል፤ በ1976፣ በ1979፣ በ1985፣ በ1986። የመጀመሪያውን ሲወስድ 51 ዓመቱ ነበር፣ የመጨረሻውን በ61።

ልጅት፦ ኒውማን አማተር! የሆሊውድ ኮከብ። ከኒንግሃም አልሞተም ማለት ነው።

ጋሼ፦ ምላስሽ! ኒውማን ለመሆኑ የፊልም ነገር ሲነሣበት አይወድም ነበር፤ መኪናው ላይ የሚጻፈውም «ፒ. ኤል. ኒውማን» ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ያንን ዋንጫ መመላለስ በገንዘብ ብቻ አይሆንም።

ልጅት፦ ያለ ገንዘብም አይሆንም። ቢሾፕስ፣ ያ ሥራ አስኪያጁ የት ደረሰ?

ጋሼ፦ ከክለቡ ወጥቶ በ1969 ኢምሳን አቋቋመ፣ የናስካሩ ቢል ፍራንስ አገዘው። በ1971 የራሱን ሻምፒዮና ጀመረ። ዛሬ በቴሌቪዥን የምታዪው፣ በዴይቶና 24 ሰዓት የሚከፈተው የዚያ ቤት ነው። የሆልበርት ልጅ፣ አል፣ አምስት ጊዜ የኢምሳ ሻምፒዮን ሆኗል።

ልጅት፦ የባለጋራዡ ልጅ?

ጋሼ፦ የባለጋራዡ ልጅ! አየሽ፣ አባት አንዴ፣ ልጅ አምስቴ።

ልጅት፦ በሌላ ድርጅት፣ በሌላ ቀመር። አባቱ ከልጁ ያንሳል ማለት አይቻልም፣ ይበልጣል ማለትም አይቻልም። እኔ መምህሬ እንዲህ ያለ መዝገብ ባመጣለት ገንዘቡ በአንድ ዓይነት ብር አልተጻፈም ብሎ ይመልስልኛል።

ጋሼ፦ መምህርሽን ቅዳሜ ይዘሽው ነይ፣ ባንዲራ ላስይዘው።

ልጅት፦ እመጣለሁ እንጂ፣ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሜዳው ላይ ሰው አጠገቤ ቆሞ «የአሜሪካ ሻምፒዮን ማን ነው?» ቢለኝ ምን ልመልስ?

ጋሼ፦ የትኛው ክፍል ነው በይው። ከ20 በላይ ናቸው።